መብራት ሲጠፋ የማይረሳው ካርቦን

ጡረታ ከመውጣቴ ጥቂት ዓመታት በፊት እሠራበት የነበረው ጤና ጣቢያ ኮምፒውተር ገባለት። አንድ ማታ አንዲት ወላድ ፔኒሲሊን እንደማይስማማት ነገረችኝ። ይህንኑ እየጻፍኩ ሳለ መብራት ድርግም አለ። ሲመለስ የጻፍኩት የለም። ለተረኛዋ ነርስ በቃሌ ባልነግራት ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል።

የኮምፒውተር ባለሙያ የሆነውን ልጄን «ለምን ጠፋ?» አልኩት። «እማዬ፣ ኮምፒውተር ሁለት ዓይነት ማስታወሻ አለው» አለኝ። ራም የሚባለው ፈጣን ነው፤ መብራት ሲቋረጥ ግን የያዘውን ሁሉ ይረሳል። «ሴቭ» ያላደረግሁት ጽሑፍ የነበረው እዚያ ነው። በፍላሽና በስልካችን ውስጥ ያለው ደግሞ አይረሳም፤ ግን ቀርፋፋ ነው፤ ደጋግመው ሲጽፉበትም ያረጃል።

የሁለቱን በጎ ጎን ለማጣመር ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ ካርቦን ነው፤ ያው የከሰላችን ንጥረ ነገር። ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ በ1991 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ የዓለምን ትኩረት የሳበው ካርቦን ናኖቲዩብ፣ ከፀጉር በአሥር ሺዎች እጥፍ ሊቀጥን የሚችል ቱቦ ነው።

በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተቋቋመው ናንቴሮ የተባለው ኩባንያ እነዚህን ቱቦዎች በሁለት የብረት ንጣፎች መካከል እንደ ባዘቶ አነባበራቸው። በትንሽ የኤሌክትሪክ ግፊት ቱቦዎቹ ሲነካኩ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያልፋል፤ ይህ «1» ነው። ሲራራቁ ማለፍ ይቸግረዋል፤ ይህ «0» ነው። የተነካኩት በመካከላቸው ባለው ስበት ስለሚያያዙ፣ መብራት ቢጠፋም እንደተያያዙ ይቆያሉ።

ማስታወሻው በ2009 እ.ኤ.አ. በአትላንቲስ የጠፈር መንኮራኩር ላይ ተሞክሯል። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጃፓኑ ፉጂትሱ የማምረት ፈቃድ ወስዷል። በየስልካችን ውስጥ ግን ገና አልገባም።

በነርስ ዓይኔ አንድ ነገር ልጨምር። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ረጃጅም ናኖቲዩቦች በአይጦች ሆድ ዕቃ ውስጥ ሲገቡ እንደ አስቤስቶስ ያለ ቁጣ ማስከተላቸውን አሳይቷል። ቺፕ ውስጥ ታሽጎ ለሚገዛው ሰው ሳይሆን፣ ብናኙን ሊተነፍስ ለሚችለው የፋብሪካ ሠራተኛ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ያ ማስታወሻ እስኪደርሰን ግን፣ ውድ አንባብያን፣ የቤተሰባችሁን አባላት የማይስማማቸውን መድኃኒት በወረቀት ጽፋችሁ ከጤና ካርዳቸው ጋር አኑሩ። ወረቀት መብራት አይፈልግም።