ጥይት ከመገዛቱ በፊት ጠመንጃው ይጠየቃል

በ.22 ካሊበር የኢላማ ተኩስ ገበያ የአንድ ፋብሪካ ጥይት ስሙና ዋጋው አንድ ቢሆንም ውጤቱ አንድ አይደለም። በ50 ሜትር ውድድር 10 ነጥብ የምታሰጠው ክብ ስፋቷ 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በልክ የተሠራ ውድ በርሜል እንኳ ከአንዱ ዙር ምርት ጋር ሲስማማ ከሌላው ጋር ላይስማማ ይችላል።

የእንግሊዙ ኢሌይና የፊንላንዱ ላፑዋ ለዚህ ያበጁት መላ ደንበኛው ጠመንጃውን ይዞ የሚመጣበት የመሞከሪያ ስፍራ ነው። ጠመንጃው ይታሰርና የተለያዩ ዙር ምርቶች በየተራ ይተኮሱበታል፤ ቀዳዳዎቹ ተጠጋግተው የታዩበት ጥይት በምርት ቁጥሩ ተለይቶ ይገዛል። ያ ቁጥር ካለቀ ስለማይመለስ፣ ልምድ ያለው ተኳሽ ለውድድር ዘመኑ የሚበቃውን በአንዴ ጠቅልሎ ይወስዳል። በዚህ አሠራር ደንበኛው የሚከፍለው በገዛ ጠመንጃው ላየው ውጤት እንጂ ለማስታወቂያ አይደለም።