ቀለሙ የሸፈነው መድኃኒት

እንሶስላ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የሙሽራ እጅና እግር ነው። ሥሩ ታጥቦ ይላጣል፣ ይወቀጣል፤ መዳፍና እግር ላይ ተደርጎ፣ ተጠቅልሎ ያድራል። ጠዋት ሲፈታ ቆዳው ቀልቷል፤ ቢታጠቡትም ቶሎ አይለቅም። እናቶች ግን ይህንኑ ሥር ለሌላም ጉዳይ ይፈልጉታል፦ በጣቶች መካከል ለሚያሳክክና ለሚላላጥ ቆዳ። ጌጡና ሕክምናው እንዴት በአንድ ሥር ተገናኙ? ምላሹ ቁርጥራጩ በየአገሩ ተበትኖ የቆየ ነው።

የመጀመሪያው ቁራጭ ያለው ወንዝ ዳር ነው። እንሶስላ የደጋና የወይና ደጋ ተክል ነው፤ ጥላና እርጥበት ባለበት፣ በጅረት ዳርና በደን ጠርዝ ይበቅላል። ግንዱ ውኃ የቋጠረ፣ በቀላሉ የሚሰበር ሲሆን፣ ቁመቱ ከሰው ሊበልጥ ይችላል። የቅጠሉ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ነው። አበባው ትልቅና ነጭ፣ ጉሮሮው ወይን ጠጅ ነው፤ ከኋላውም ቀጭን፣ ረጅም የማር ቱቦ ይንጠለጠላል። መዓዛው የሚያይለው ሲመሽ ነው፤ ከቱቦው ጫፍ ማሩን የሚደርሱበት ረጅም ምላስ ያላቸው የእሳት ራቶች ናቸውና። የበሰለውን ፍሬ ሲነኩት ፈንድቶ ዘሩን ይረጫል። በአገራችን ብቻ የሚገኝ ቀይ አበባ ያለው ዘመድም ስላለው፣ የነጩን አበባ መልክ ማወቅ ለለቃሚ ይጠቅማል።

ሁለተኛው ቁራጭ ፓሪስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1843 በቴዎፊል ሌፌቭር በተመራው የፈረንሳይ ቡድን ውስጥ ካርቲን ዲዮንና አንቷን ፔቲ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች የኢትዮጵያን ዕፅዋት ሰበሰቡ። ሁለቱም አገራቸው አልተመለሱም፤ ዲዮንን በመረብ ሸለቆ ንዳድ ገደለው፣ ፔቲን አባይ ላይ አዞ ወሰደው። የደረቁት ዕፅዋት ግን ደረሱ። አሺል ሪሻር ከ1847 ጀምሮ ባሳተመው የኢትዮጵያ ዕፅዋት መጽሐፍ ለእንሶስላ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ፣ ማቅለሚያነቱን በስሙ ውስጥ አኖረለት። ሳይንስ ያየው ጌጡን ነበር፤ መድኃኒቱ እናቶች ዘንድ ቀረ።

ሦስተኛው ቁራጭ የተገኘው መቶ ዓመት ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ሦስት ተመራማሪዎች ከእስያ የመጣ፣ የእንሶስላ ወገን የሆነ የጓሮ አበባ መርምረው ፈንገስ የሚገታ ውሁድ ለዩ። ውሁዱ የቆዳ ማቅለሚያውን ሂናን ሂና ላሰኘው ቀለም፣ ለሎውሶን፣ የቅርብ ዘመድ ነው። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችም በበኩላቸው፣ በእርጥብ ጥላ ሥር የሚበቅለውን ብርቱካናማ አበባ ያለውን ሌላውን የወገኑን ተክል ጭማቂ ለሚያሳክክ ቆዳ ሲቀቡት ኖረዋል።

ቁርጥራጮቹ ሲገጣጠሙ ነገሩ ይገለጣል። ሎውሶን በውኃ የማይለቀው ቆዳና ጥፍር ከተሠሩበት ኬራቲን ከተባለ ፕሮቲን ጋር ስለሚተሳሰር ነው። የቆዳ ፈንገሶች የሚመገቡትም ይህንኑ ኬራቲን ነው። የእንሶስላም ቀለም የሎውሶን ዘመድ ከሆነ፣ የሚያርፈው እንግዲህ ፈንገሱ ማዕድ የሚዘረጋበት ቦታ ላይ ነው። ጭቃና ጤዛ ሲረግጥ የሚውል እግር እንሶስላ መሞቁ ከጌጥ ያለፈ ጥበብ እንደነበረበት አምናለሁ።

ጥበብን ማክበር ያለ መጠን መጠቀም አይደለም። እንሶስላ የሚቀባ እንጂ የሚጠጣ አይደለም፤ በተለይ ነፍሰ ጡር አትሞክረው። በቆሰለ ቆዳ ላይ አይደረግ፤ መጀመሪያ በትንሽ ቦታ ላይ ይሞከር። የማይድን ወይም የሚስፋፋ ሕመም ሐኪም ይየው፤ እከክ ሁሉ ከፈንገስ አይመጣም።

ተክሉም እኛን ይፈልጋል። ግንዱ በበጋ ደርቆ በክረምት የሚያቆጠቁጠው ከሥሩ ስለሆነ፣ ሥሩን ሙሉ ለሙሉ የነቀለ ሰው የከርሞውን ተክል አጥፍቷል። ከፊሉን መልሶ መቅበር፣ ወይም በጓሮ ጥላ ውስጥ መትከል ቀላል ነው። የወንዝ ዳር ዛፍ ሲቆረጥ ግን ጥላውም እንሶስላውም አብረው ይሄዳሉ። ተመራማሪዎቻችንም በሰው ቆዳ ላይ ያለውን ፈዋሽነት በሚገባ ይፈትኑልን፤ ሲፈትኑም ቀድመው የሚጠይቋቸው ሥሩን ሲወቅጡ የኖሩትን እናቶች ይሁኑ።