ስደተኛው የከተማ መካሪ

ሹመት የሚሰጠው ሰው ለራሱ እንዲከብርበት ሳይሆን የወገኑን ችግር እንዲሸከምበት ነው። ይህንንም ከአገራችን ወጥቶ በአሜሪካ፥ በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት፥ በኦስቲን ከተማ የተመረጠው የጋምቤላ ተወላጅ ታሪክ ያስረዳል።

አቶ ኦባላ ኦባላ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዲሴምበር 2003 በጋምቤላ በአኙዋክ ሕዝብ ላይ እልቂት በደረሰ ጊዜ ገና ልጅ ሳሉ ተሰደዱ። በኬንያም በስደተኞች ሰፈር አሥር ዓመት ያህል ከኖሩ በኋላ በ2013 አሜሪካ ገቡ።

ኦስቲን 26 ሺህ ያህል ነዋሪ ያላት ከተማ ናት። በ1891 የተቋቋመው የሆርሜል የሥጋ ኩባንያ መናገሻው በእርስዋ ስለሆነ፥ እንጀራ ፈላጊ ከየአገሩ ይሰበሰብባታል። አቶ ኦባላ በሪቨርላንድ ኮሌጅ ሲማሩ የተማሪዎች ማኅበር መሪ ሆነው፥ ስለ ተራቡ ተማሪዎች በሕግ አውጪዎች ፊት ተሟገቱ፤ ረኃብን የሚያውቅ የተራበውን አይረሳምና። በዲሴምበር 2019 ዜግነት አገኙ፤ ዓመት ሳይሞላም በኖቬምበር 2020 የአንደኛው ቀበሌ ሕዝብ ለከተማው ምክር ቤት መረጣቸው። በዚያ ወንበር ከተቀመጡት ጥቁሮች የመጀመሪያው እርሳቸው ናቸው።

እንግዲህ በዚህ ደስ ልንሰኝ ይገባል፤ ነገር ግን ደስታው ኀዘን አለበት። የገዛ አገሩ ያላስጠለለችውን ልጅ ባዕድ ከተማ መካሪ አድርጋ መርጣዋለችና። ስለዚህ ሹም ሁሉ በደጁ የቆመውን ድኃ ልጅ ባየ ጊዜ፥ ነገ አገር የሚመክረው ይህ ሊሆን እንደሚችል አስቦ ፍርዱን አያጓድልበት።