ኬንት ላይ ሊቆም የታሰበው ነጭ ፈረስ

ቁመቱ 50 ሜትር የሆነ ፈረስ አስቡ። ከአሥራ አምስት ፎቅ ሕንፃ አያንስም። ጋላቢ የለውም፤ ክንፍ አላወጣም፤ የፊት እግሮቹንም አላነሳም። በአራቱም እግሩ መስክ ላይ ጸጥ ብሎ የቆመ ነጭ ድንጉላ ነው።

ሐሳቡ የእንግሊዛዊው ሠዓሊ ማርክ ዋሊንገር ነው። ከለንደን በስተምሥራቅ፣ ኬንት ውስጥ ኤብስፍሊት በተባለ ቦታ ለሚቆም ግዙፍ ሐውልት በወጣው ውድድር ያሸነፈው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ለንደንን ከፓሪስ የሚያገናኘው ፈጣን ባቡር በዚያው ስለሚያልፍ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣ መንገደኛ ፈረሱን በመስኮት እያየ ወደ ከተማዋ ይገባ ነበር።

ለምን ፈረስ? ነጭ ፈረስ የኬንት የቆየ ዓርማ ነው። በኦክስፎርድሺር የኡፊንግተን ኮረብታ ላይም አፈሩን ቦርቡረው በነጭ ኖራ ድንጋይ ያወጡት፣ 110 ሜትር ገደማ ርዝመትና ወደ 3,000 ዓመት ዕድሜ ያለው ፈረስ አለ። ዋሊንገር ግን የመረጠው የእሽቅድምድም ፈረስ ነው፤ የሐሳቡ ጉልበት ያለውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። እንግሊዞች የሚኮሩበት ይህ ዝርያ በአባቱ በኩል ሲቆጠር ከምሥራቅ ከመጡ ሦስት ድንጉላዎች ላይ ይደርሳል። አንደኛው፣ ዳርሊ አረቢያን፣ እ.ኤ.አ. በ1704 ከሶርያዋ ሐለብ ተገዝቶ የመጣ ነው። እንግዳውን በር ላይ ቆሞ የሚቀበለው ፈረስ ራሱ የእንግዳ ዘር ነው ማለት ነው።

ዋሊንገር ፈረስ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የእሽቅድምድም ፈረስ ገዝቶ «እውነተኛ የጥበብ ሥራ» የሚል ስም አውጥቶለታል። ነጩን ፈረስ ሲሠራም ከምናቡ አልሣለውም። ሪቪዬራ ሬድ የተባለ ሕያው ፈረስ አቁሞ ገላውን በብርሃን ስካነር አስለካ። ከዚያ ልኬት በእብነ በረድና በሬዚን የተሠራው፣ የእውነተኛ ፈረስ ቁመት ያለው ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ2013 ለንደን ውስጥ ሞል በተባለው ጎዳና ላይ ቆመ። ለኤብስፍሊት የታሰበው የዚህ 33 እጥፍ ነው። ሰው እግሩ ሥር ቢቆም ኮቴው ብቻ ከራሱ በላይ ሳይሆን አይቀርም።

ትልቁ ፈረስ ግን አልተሠራም። የዓለም የገንዘብ ቀውስ በደረሰበት ሰሞን የተገመተው ወጪ በሚሊዮን ፓውንዶች እየናረ ሄደ፤ ገንዘቡም አልተገኘም። በእኔ ሚዛን፣ በየአደባባዩ ከቆሙት ብዙ ሐውልቶች ይልቅ ይህ ያልቆመው ይበልጣል፤ ዛሬም ቢሆን ሊሠራ ይገባዋል።