ስለ አየር ጉዞ ርቀትና ሰዓት

በሁለት ከተሞች መካከል ያለው ርቀት አንድ ሲሆን፥ አውሮፕላን ለመሄድና ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ግን አንድ አይደለም። የዚህን ነገር ምክንያት ለማስረዳት ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ያለው መንገድ መልካም ምሳሌ ነው።

መጀመሪያ፥ ስለ ርቀቱ። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ በአጭሩ መንገድ 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለመርከበኞች በተሠራው በሜርካቶር ካርታ ላይ ሁለቱን ከተሞች በማስመሪያ ቢያገናኙአቸው መስመሩ በሰሓራ በረሓ ላይ ያልፋል። ነገር ግን መሬት ድቡልቡል ናትና፥ ይህ መንገድ ቀጥ ያለ ቢመስልም ከአጭሩ መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። በሉል ላይ ክር ወጥረው ቢይዙ ግን ክሩ በሱዳንና በሊብያ፥ በአልጄርያና በእስጳንያ ላይ አልፎ የመንገዱ እኩሌታ በፖርቱጋል ላይ ይውላል።

ሁለተኛ፥ ስለ ነፋሱ። ትልቅ አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል፤ 11,560ን ለ900 ሲያካፍሉት 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ይሆናል። ነገር ግን በሰሜኑ የምድር ክፍል፥ ከ10,000 ሜትር ከፍታ በላይ፥ ብርቱ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ነፋሱ ከኋላ ሆኖ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢጨምርለት ጉዞው 12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ፥ ከፊት ሆኖ ያንኑ ያህል ቢቀንስበት 13 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ያህል ይፈጃል።

ሦስተኛ፥ ስለ ቦታው ከፍታ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየርም ክንፉን የሚያነሣበት፥ ሞተሩም የሚገፋበት ኃይል ያነሰ ነው። ስለዚህ ከቦሌ የሚነሣ አውሮፕላን ጭነቱን ማቅለል ይገባዋል፤ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድም ብዙ ጊዜ በመንገድ ወርዶ ነዳጅ ይጨምራል። የደለስ ሜዳ ግን ከ100 ሜትር በታች ዝቅ ያለ ነውና፥ ከዚያ ነዳጁን ሞልቶ ተነሥቶ ሳያርፍ አዲስ አበባ ይደርሳል።

አራተኛ፥ ስለ ሰዓቱ ልዩነት። የዋሽንግተን ሰዓት በክረምታቸው ከአዲስ አበባ 8 ሰዓት፥ በበጋቸው 7 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። በክረምታቸው አንድ ልጅ «ከረፋዱ በ5 ሰዓት እነሣለሁ» ብሎ ለአባቱ ቢልክ፥ ጉዞውም 13 ሰዓት ቢሆን፥ አባቱ ሰዓቱን የአገሩ መስሎት ከሌሊቱ በ6 ሰዓት ይደርሳል ብሎ ይጠብቃል። ልጁ የተነሣው ግን በአዲስ አበባ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን ነውና፥ የሚደርሰው በማግሥቱ ከጧቱ በ2 ሰዓት ነው። ይህን ያላወቀ አባት 8 ሰዓት ሙሉ በከንቱ ሲጨነቅ ያድራል።

ስለዚህ መምህራን ተማሪዎችን በክርና በሉል ርቀትን እንዲለኩ፥ በሒሳብም ሰዓቱን እንዲያወጡ ቢያለማምዱአቸው፥ ሽማግሎችም የመነሻው ሰዓት የየትኛው አገር እንደ ሆነ አስቀድመው ቢጠይቁ፥ ትምህርቱ ለቤት ሁሉ የሚጠቅም ይሆናል።