ነፍሰ ጡር ሴት ልብዋን ሳታስጨንቅ የምታደርገው የዳሌ ጡንቻ ልምምድ

ሴት ከፀነሰች በኋላ ዕረፍት እንጂ ልምምድ አይገባትም፤ ልብዋ ይደክማል የሚል አሳብ በብዙ ቤት ይሰማል። አሳቡ ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ አይነቀፍም፤ ነገር ግን ሳይመረመር ቢቀር እናቲቱን ከታላቅ ጥቅም ያጐድላታል።

በእርግዝና ጊዜ የልብ ሥራ እንደሚበዛ እርግጥ ነው። የእናቲቱ ደም ቀድሞ ከነበረው እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ልብዋ በየደቂቃው የሚረጨውም ደም ከመቶ ከ30 እስከ 50 እጅ ይበልጣል፤ ትርታዋም በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ያህል ይፈጥናል። እንግዲህ በዚህ ሸክም ላይ ልምምድ ይጨመርበት ዘንድ ይገባልን?

ከዳሌ አጥንት በታች እንደ ወለል ተዘርግቶ ማኅፀንንና ፊኛን ደግፎ የሚይዝ ጡንቻ አለ። ፅንሱ እየከበደ ሲሄድ ይህ ጡንቻ ይላላል። ስለዚህ ብዙ ሴቶች ሲስሉ ወይም ሲስቁ ሽንት ያመልጣቸዋል፤ ስለሚያፍሩም ለባላቸው ቀርቶ ለሐኪም እንኳ አይናገሩም። በሽታውን የደበቀ ግን መድኃኒት አይገኝለትም። አርኖልድ ኬገል የተባለ አሜሪካዊ የማኅፀን ሐኪም፥ ከወሊድ በኋላ የላላውን ይህን ጡንቻ በልምምድ ማጠንከር እንደሚቻል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1948 ዓ.ም. ጽፎ ገለጠ። ከዚያም ወዲህ በተደረገው ምርመራ፥ ችግሩ ሳይደርስባት በእርግዝናዋ መጀመሪያ ልምምዱን የጀመረች ሴት በኋለኞቹ ወራት ሽንት የማምለጡ ነገር እንደሚቀንስላት ታውቋል።

ስለ ልብ የሆነ እንደ ሆነ፥ ማናቸውም ጡንቻ ሲኰማተር ትርታ ጥቂት ይፈጥናል። ይህ ጡንቻ ግን ትንሽ ስለ ሆነ፥ በጤነኛ ነፍሰ ጡር ላይ ጭማሪው ጥቂትና ወዲያው የሚያልፍ ነው። ልብን የሚያስጨንቀው ትንፋሽን አፍኖ ማማጥ ነው፤ ትንፋሽ ሲታፈን በደረት ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፥ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል፥ የደም ግፊትም ከፍና ዝቅ ይላል። ደግሞም ከ5ኛው ወር በኋላ በጀርባ ቢተኙ፥ የከበደው ማኅፀን ደምን ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ስለሚጫን ራስ ያዞራል።

ስለዚህ ነፍሰ ጡርዋ ተቀምጣ ወይም በግራ ጐንዋ ተኝታ፥ ሽንት እንደሚያቆም ሰው ጡንቻውን ወደ ውስጥና ወደ ላይ ትሳብ። እየተነፈሰች እስከ 5 ቈጥራ ትልቀቅ፤ ያንኑ ያህል ትረፍ። ይህንንም 10 ጊዜ እየደጋገመች በቀን 3 ጊዜ ታድርግ። ሆድዋንና ጭንዋን አታጥብቅ።

የልብ ሕመም ያለባት ወይም የደም ግፊትዋ ከፍ ያለ ሴት ሐኪምዋን ሳታማክር አትጀምር። ግፊትዋ 140 በ90 የደረሰ፥ ወይም ብርቱ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ የያዛት ነፍሰ ጡር ግን፥ ልምምዱን ትታ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ልትወሰድ ይገባታል።

እንግዲህ ባልም ሆነ አማት፥ ነፍሰ ጡርዋን ተኚ ብቻ ከማለት ይልቅ የደም ግፊትዋን እንድታስለካ ቢያሳስቡአትና ያፈረችበትን ችግር ለሐኪም እንድትገልጥ ቢያደፋፍሩአት፥ ለእርስዋም ለሚወለደውም ልጅ እውነተኛ ረዳት ይሆናሉ።