የሃይሊ ጉቢ አመድ

ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 520 ሜትር ላይ ትገኛለች። አፋር ውስጥ ከኤርታሌ እሳተ ገሞራ በስተደቡብ ያለው የሃይሊ ጉቢ ጫፍም ከዚህ ከፍታ ብዙም አይርቅም። እዚህ ባሮ ወንዝ ዳር ሜዳ የሆነው ከፍታ እዚያ ተራራ ነው፤ አካባቢው ከባሕር ወለል በታች ድረስ ዝቅ ይላልና።

ይህ ተራራ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ ረፋድ ላይ ፈነዳ። ከዚያ በፊት ስለመፈንዳቱ የተመዘገበ ታሪክ የለውም። ምልክት ግን ነበር፤ ሐምሌ 2017 ኤርታሌ ሲፈነዳ ቅልጥ ዐለት ከመሬት በታች ወደ ደቡብ፣ ወደ ሃይሊ ጉቢ አቅጣጫ መሄዱን ሳተላይቶች አሳይተው ነበር። የኅዳሩ አመድ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ወጣና ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በሚነፍሰው የላይኛው ነፋስ ተገፍቶ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፤ የመንና ኦማንን አልፎ ሰሜን ሕንድ ሲደርስ በረራዎች ተሰረዙ። ሰው መሞቱ አልተሰማም። በአቅራቢያው ያለችው አፍዴራ ግን አመድ ለበሰች፣ የአርብቶ አደሩም ከብት የሚግጠው አጣ።

ይህን የመጨረሻውን ለጋምቤላ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ማስረዳት የሚያስፈልገው አመዱን ነው፤ እዚህ አመድ የከብት ወዳጅ ነው፤ የኑዌር እረኛ ማታ ኩበት አጭሶ ትንኝ ያባርራል፣ አመዱንም ገላውንና ከብቱን ይቀባል። የእሳተ ገሞራ አመድ ግን ተቃጥሎ የቀረ ነገር አይደለም። ቅልጡ ዐለት ውስጥ የታመቀው ጋዝ ሲፈነዳ የሚያደቀው የዐለትና የመስታወት ስብርባሪ ነው። በጣት ሲያሹት ይሻክራል፣ ዓይን ይቧጭራል፣ ሳንባ ይገባል፣ ውሃ አያሟሟውም። ዝናብ ሲያገኘው ይከብድና ጣራ ያፈርሳል። ከሣር ጋር የተበላ እንደሆነ የከብቱን ጥርስ ይፈጃል፤ ፍሎሪን ከበዛበትም ይመርዛል። እ.ኤ.አ. በ1783 በአይስላንድ የላኪ እሳተ ገሞራ አብዛኞቹን በጎች የፈጀው እንዲህ ነው፤ በተከተለው ረሃብም ከሕዝቡ ከአምስት አንድ ያህሉ አለቀ።

ሰው የሚፈራው የቅልጥ ዐለቱን ቀይ ጎርፍ ነው። እሱን እንኳ አብዛኛውን ጊዜ በእግር ያመልጡታል። ከእሱ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ጋዙ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሽታ የለውም፣ ከአየር ስለሚከብድም ጉድጓድና ሸለቆ ውስጥ ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ1986 ካሜሩን ውስጥ ከኒዮስ ሐይቅ በአንድ ሌሊት የወጣው ጋዝ 1,700 ያህል ሰው ገድሏል። ስለዚህ እሳተ ገሞራ አጠገብ ለመደበቅ ብሎ ረባዳ ቦታ መውረድ አደገኛ ነው። ኤርታሌን ለማየት የሚሄድም ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ ይቅረብ፤ ከአፋፉም ይራቅ፣ ጠንካራ የሚመስለው ጠርዝ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላልና።

አመድ መዝነብ ከጀመረ ቤት ገብቶ በርና መስኮት መዝጋት፣ ክፍተቱን በእርጥብ ጨርቅ መወተፍ ይገባል። ውጭ መውጣት ግድ ከሆነ አፍና አፍንጫ በማስክ፣ ከጠፋም በነጠላ ይሸፈን። ጀሪካኑና የውሃ ጉድጓዱ ይከደኑ፤ ከብቱ ከግጦሽ ተመልሶ የተከማቸ መኖና ንጹሕ ውሃ ያግኝ። መኪና መንዳት ይቅር፤ መንገዱ ያንሸራትታል፣ መስታወቱን ሲጠርጉትም ይፋቃል። የቀረው አመድ ውሃ ረጨት ተደርጎበት ይጠረግ፤ ብዙ ውሃ ከፈሰሰበት ግን ጭቃ ይሆናል።

አንዳንዴ ደግሞ ቀድሞ ከአካባቢው መውጣት ይሻላል። ታኅሣሥና ጥር 2017 ላይ በአፋር ክልል በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ፣ ዶፋን ተራራ አጠገብ እንፋሎት ሲተፋ፣ መንግሥት 80 ሺህ ያህል ሰው ከአካባቢው ለማንሳት ተነሣ። ቅልጥ ዐለት ወደ ላይ አልወጣም። ያለ ነገር ተንገላታን ያለ አይጠፋም፤ ለእኔ ግን በጊዜ የተደረገ ትክክለኛ ሥራ ነበር።

አመድ ከአፋር ተነሥቶ ጋምቤላ የመድረስ ዕድሉ ትንሽ ነው፤ የኅዳሩንም የላይኛው ነፋስ ወደ ምሥራቅ ወስዶታል። ከጋምቤላ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ የሚመደብ ተማሪ፣ ጨው ሊጭን አፍዴራ የሚወርድ ሾፌር ግን ይኖራል። ደመናው ሽቅብ ሲወጣ ካዩ፣ ስልካቸውን ለፎቶ ከማውጣታቸው በፊት ነፋሱ ወዴት እንደሚገፋው ይመልከቱና ከመንገዱ ወደ ጎን ይውጡ።